ሦስት ጎን መርዝ፣ አንድ ጎን ማጥመጃ

ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ልደታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ግቢያችን ታላቅ ወንድሜ ጎረቤታችንን በአካፋ መታው። አካፋው ያረፈው ግራ ትከሻው ላይ ነው። ቆሜ የነበርኩት በራችን ላይ ስለሆነ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ።

የተጣሉት በምስጥ መድኃኒት ነው።

ቤቱን አባቴ ያሠራው በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ ነበር። አንዱን ግድግዳ ከጎረቤታችን ጋር እንጋራዋለን፤ በእሱ በኩል ጓዳው፣ በእኛ በኩል የእናቴ መኝታ ነው። ሚያዝያ ላይ እናቴ ከራስጌዋ የተሰቀለ ነጠላዋን ስትስብ ምስማሩ ከነምርጊቱ ተነቅሎ መጣ። የቀረውን በመዶሻ ጫፍ ብነካው ቋሚው እንጨት ተፈረፈረ፣ ምስጡም ትራሷ ላይ ዘነበ። ዘነዘና አምጥታ እዚያው ትራሱ ላይ ትወቅጣቸው ጀመር። ትራሱ ተቀዶ ጥጡ ሲወጣም አላቆመችም።

እናቴ ያደገችው ወለጋ ነው። ምስጥ ጎተራም ጣሪያም ሲጨርስ አይታለች። አባቷ ኩይሳ ቆፍሮ ንግሥቲቱን እያወጣ በድንጋይ ይፈጫት እንደነበር ደጋግማ ነግራናለች። አስኮ የምትኖረው እህቴ የትራሱን ነገር ሰምታ ልትወስዳት መጣች።

«ምስጥ ያባረራት ሴትዮ ልባል? ከዚህ ቤት አልነቃነቅም» አለቻት እናቴ።

ስለዚህ የእኔና የወንድሜ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ያንን ግድግዳ በምን እናድነው?

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ በፈሳሽ መርዝ የሚሠራ ነው። የቤቱን መሠረት ዙሪያውን ቦይ ይቆፍርና መርዙን በውሃ በጥብጦ ያፈስበታል፤ የወጣውንም አፈር በዚያው እያራሰ ይመልሰዋል። ከመሬት ወደ እንጨቱ የሚያልፍ ምስጥ እዚያ ላይ ይሞታል። ለዓመታት ያገለግላል አለን። ሁለት ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ዙሪያው ክፍተት ሳይኖረው መገጠም አለበት፣ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ደግሞ አይፈስም። ጎረቤታችን ከጋራው ግድግዳ ሥር ብዙም የማይርቅ ጉድጓድ ነበረው። ቧንቧው በሚጠፋበት ጊዜ ቤተሰቡ ልብስ የሚያጥበውም፣ ለሶላት ውዱእ የሚያደርገውም ከዚያ በሚቀዳ ውሃ ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ዕቃውን በሰው ከውጭ ያስመጣ ነበር። በየቦታው ትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ይቀብራል፤ ውስጣቸው ምስጥ የሚወደው፣ ግን ቀስ ብሎ የሚገድል ምግብ አለ። ምስጡ እንደበላው ወዲያው አይሞትም፣ ተሸክሞ ጎጆው ድረስ ይወስደዋል። ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ማንም ሳጥኖቹን አይነካም፣ አጠገባቸውም ምንም ነገር አያፈስም።

«ምሳ ልትጋብዝልኝ ነው?» አለችው እናቴ። «ሰርግ አለብኝ እንዴ?»

«እማማ፣ የመጨረሻ ምሳቸው ነው።»

ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ መጠበቅ አይችልበትም። ፈሳሹን ፈለገ። እኔ ጉድጓዱን አስቤ ሳጥኑን አልኩ።

«አንተ ጋዜጠኛ፣ እስክታጣራ ቤቱ ይበላል» አለኝ።

ጎረቤታችን በሳጥኑ ደስ ስላለው እኔ አሸነፍኩ። ሳጥኖቹ ተቀበሩ፣ ከመጀመሪያው ጉብኝት በኋላም ባለሙያው ምስጥ መግባት ጀምሯል አለን። እናቴ ግን ከራስጌዋ የመቆርጠም ድምፅ ይሰማታል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለ ጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጀሪካን አስመጥታ የግድግዳውን ሥር ከዳር እስከ ዳር አጠጣችው። የአጥር እንጨት የሚተክል ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እሷም የምታውቀውን አደረገች። ባለሙያው በሚቀጥለው ጊዜ ክዳኖቹን ሲከፍት ሳጥኖቹ ዘይት ሞልተዋል። አንድም ምስጥ አልነበረም።

ያ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ መርዙን ይዞ መጣና ዶማውን አነሳ። ሦስቱን ጎን ሲቆፍር ማንም አልከለከለውም። ወደ ጋራው ግድግዳ ሲዞር ጎረቤታችን የመለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ከልብስ ስፌት መኪናው ተነስቶ መጣና ቦዩ ሊቆፈር በታሰበበት ቦታ ላይ ቆመ። የወሎ ሰው ነው፣ በዕድሜ ወንድሜን ይበልጠዋል።

«ጋሼ፣ ይውጡልኝ።»

«ልጆቼ የሚታጠቡበት ውሃ ነው።»

«የእኔ እናት ደግሞ ግድግዳ ሊጫናት ነው።»

«በዘይት ያበላሸችው እናትህ ናት። መርዝህን አንተው ጠጣው፣ ወላሂ እዚህ አይፈስም።»

ወንድሜ ጋሼ ማለቱን ተወ። «ውጣ አልኩህ!» አለና ገፋው፣ እሱም መልሶ ገፋው። ከዚያ አካፋው ተነሳ። ሰውየው በጉልበቱ ሲወድቅ ወንድሜ ሁለተኛ ሊመታ አነሳ፤ የጎረቤታችን ሚስት በብረት ባልዲ አፉ ላይ መታችው። ሁለት የፊት ጥርሱን ቦዩ ውስጥ ተፋ። እጆቹን ወደ ኋላ ጠምዝዤ መሬት ላይ ተኛሁበት። እናቴ ከበሩ ሆና «በለው» ትል ነበር። ማንን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም።

ክስ ተመሠረተ። ልደታ ፍርድ ቤት ለሥራ ስመላለስ እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ዘግቤያለሁ፣ የወንድሜን ግን ችሎት ሳይደርስ ሽማግሌዎች ቀደሙት። በሳምንቱ እሁድ የእድራችን ሦስት ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀመጡ። ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ። የሕክምናውን ነገር ከጨረሱ በኋላ ወደ ምስጡ መጡ። የፈረዱትም በሁለት ጠበኞች መካከል እንደሚፈረደው ነው፤ ለሁለቱም እኩል። በሦስቱ ጎን የወንድሜ ፈሳሽ፣ በጋራው ግድግዳ በኩል የጎረቤታችን ሳጥን።

ፈሳሹን የሚያፈሰው ባለሙያ ቆሞ ይሰማ ነበር። «አባቶች፣ የተቆረጠ ቀለበት ቀለበት አይደለም» አለ። «በሌላው በኩል ሲዘጋበት በክፍቱ ይሄዳል። ሳጥኑም ቢሆን ለክረምቱ አይደርስም። ቢያንስ እንጨቱ ይቀየር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። «አንተ ምስጥ አስታርቅ፣ እኛ ሰው እናስታርቃለን።»

እንጨቱን ለመቀየር ግድግዳው መፍረስ ነበረበት፤ ለዚያ የሁለቱ ቤት ስምምነት ያስፈልግ ነበር፣ እንደገና ሊያነሳው የደፈረ የለም። የሽማግሌ ቃል ተጥሷል እንዳይባል ሁሉም ፍርዱን ተቀበለ። በሳምንቱ ፈሳሹ በሦስቱ ጎን ፈሰሰ፣ በአራተኛው አዲስ ሳጥኖች ተቀበሩ። እናቴ ዘይት ላለማፍሰስ በማርያም ምላለች፣ እስከማውቀው ድረስም ቃሏን ጠብቃለች። አልጋዋን እናንሳ ብንላት ግን እምቢ አለች። ታርቀን የለ፣ ነው ያለችው።

ማክሰኞ ሐምሌ 15 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ከጠዋት ጀምሮ የጣለው ዝናብ ሳያባራ የጋራው ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ ይህን የነገሩኝ ወንድሜና የጎረቤታችን ሚስት ናቸው፣ ቃላቸውም ይገጥማል። እናቴ አልጋዋ ላይ ነበረች። ምርጊቱ ከወገብ በታች ቀብሯት፣ አንድ ቋሚ ዳሌዋ ላይ ተሰብሮ ነበር። ወንድሜ በእጁ ቆፍሮ አወጣት። ስደርስ መጥረቢያ ይዞ የወደቁትን እንጨቶች እየፈለጠ ነበር። በመታ ቁጥር ነጭ ምስጥ ከየእንጨቱ ይፈሳል፣ እሱም በጫማው እየረገጠ እንደገና ይመታል። እስኪደክመው ማንም አላስቆመውም።

በማግስቱ የሳጥኑ ባለሙያ መጥቶ ሳጥኖቹን ከፈተ። ከሁለቱ ውስጥ ማጥመጃው ተበልቷል፣ የቀሩት አልተነኩም። በሦስቱ ጎን ያሉትን ቋሚዎች በመሮ ፈተሽናቸው፤ በሕይወት ያለ ምስጥ አላገኘንም።

እናቴ ነሐሴ 10 ቀን ከሆስፒታል ወጣች። የጫናት መኪና የወሰዳት ወደ አስኮ፣ ወደ እህቴ ቤት ነው።