የዱባለ ቀጭን ቢጫ

ቁጣ ካሉ አይቀር የዱባለ ነው። ሶዶ ውስጥ ከአባቱ በወረሰው የሸማ ጉድጓድ ቁጭ ብሎ ሃያ ስምንት ዓመት ዱንጉዛ ሸምኗል፤ ያንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለውን የወላይታን ልብስ። ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ሲወረውር የሚውል፣ ከሰው የማይጣላ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ነበር ነው እንግዲህ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ አንድ ወር ሲቀረው ልጁ ብሩክታይት አዲሱን የመዘምራን ልብሷን ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን መጣች። ዱንጉዛ ነው። ዱባለ ጫፉን በሁለት ጣቱ ያዘና ገለበጠው። ውስጡ ነጭ! ቀለም የታተመበት ጨርቅ ነው እንጂ ጥለት አይደለም።

“ማነው የሸመነው?”

“አልተሸመነም፣ አባ። የቻይና ነው። ርካሽ ስለሆነ ለሁላችንም ከዚህ ተገዛ።”

የመዘምራኑን ልብስ በየዓመቱ የሚሸምነው ማን ሆነና! ክረምቱን ቤተሰቡ የሚወጣው በዚያ ሥራ አልነበር? ዘንድሮ ምነው ሰው ሳያዘኝ ቀረ እያለ ሲጨነቅ ከርሞ፣ ለካስ መልሱ በገዛ ልጁ ትከሻ ላይ ኖሯል። እሁድ ከጸሎት በኋላ ምእመኑ ፊት ቆመና “ጌታ ምስክሬ ነው! ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ አገር የመጣ መርፌ እንኳ ደጄን አያልፍም!” አለ። አንዳንዱ አሜን አለ፤ አንዳንዱ ሳቀ። የሳቁትም አሜን ያሉትም ያንኑ ጨርቅ ነበር የለበሱት።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ብሩክታይት የዕቃውን ጀርባ እያነበበች፣ እሱ እያወጣ መጣል ሆነ። ፔርሙሱ ወጣ። የእጅ ባትሪው ወጣ። ጃንጥላው፣ የፕላስቲክ ጫማው፣ ሬዲዮኑም ወጣ። ሚስቱ ወይዘሮ ፈጠነች ግን “ሳፋዬን ንካና እንተያያለን!” አለችው። አልነካውም። አንድ ቀን ደግሞ የሰፈር ጎረምሳ “ጋሽ ዱባለ፣ ካልሲህስ?” ቢለው መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲውን አወለቀና ወረወረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ አሙት። እንዳሻቸው! እሱ ክብሩ ተነክቶ ነው፤ እነሱ ቀልድ ያምራቸዋል።

በዚህ መሀል ለብሩክታይት እውነተኛውን ዱንጉዛ ሸምኜ ያንን የቀለም ጨርቅ አስጥላታለሁ ብሎ ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቢጫ ክር አለቀበት። ባዶውን የክር ካርቶን አነሣና ለልጁ ሰጣት።

“እስቲ ከየት እንደመጣ አንብቢልኝ።”

አየችውና መልሳ ዘረጋችለት።

“አንብቢው እንጂ!”

“ያው ነው፣ አባ።”

“ክሩም?”

“ክሩም።”

ወይ ጉድ! ሬዲዮ ይጣላል፣ ካልሲ ይጣላል። ክር ከተጣለ ግን ሸማኔው ራሱ ተጣለ ማለት አይደል? ዱባለ ካርቶኑን በርግጫ መትቶ በባዶ እግሩ ወደ ጌታሁን ሱቅ ሄደ።

ጌታሁን ክር ነጋዴ ነው። ጎረቤትም ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጊፋታ አንድ በሬ አብረው ሲያርዱ ኖረዋል።

“የሌላ አገር ክር የለህም?”

“ከየት ላምጣልህ፣ ወንድሜ? ሁሉም ከዚያው ነው የሚመጣው” አለ ጌታሁን። ከጀርባው የታተመው ዱንጉዛ በጥቅል በጥቅሉ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

የዱባለ ዓይን እዚያ ላይ ተተከለ። የግራው ጠርዝ ቢጫ ሰፊ ነው። የቀኙ ጠርዝ ቢጫ ቀጭን ነው። ሌላኛውን ጥቅል አየ፤ ቀጭን። ሦስተኛውን ጎትቶ ዘረጋው፤ ቀጭን!

ያንን ቀጭን ቢጫ እንዴት ይርሳው! የዛሬ ሦስት ዓመት ጌታሁን ለራሱ ዱንጉዛ ሲያዘው፣ ፈጠነች ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እሷን ሲያስታምም ክር ሳይገዛ ቀርቶ የቀኙ ቢጫ አነሰበት። ሲያስረክብ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ። ጌታሁንም “ግዴለም፣ ማን ያየዋል” ብሎ ተቀበለው።

“ይሄ የኔ እጅ ነው!” ብሎ ጮኸ ዱባለ።

ጌታሁን አላፈረም። “የቻይናው ፋብሪካ ናሙና አምጣ ሲለኝ ካንተ የተሻለ ከየት ላምጣ? ደስ ሊልህ ይገባል። ደግሞስ እኔ ብተወው ሌላው መች ይተወዋል?”

የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ዘረፈ ማለት ይሄ ነው። ዱባለ የዘረጋውን ጥቅል እዚያው ጥሎ ወጣ። ንዴቱ ግን አልወጣለትም።

ጊፋታ ደረሰ። በሬው ታረደ፤ ሥጋው እንሰት ቅጠል ላይ ለተካፋዮቹ ጎረቤቶች በሰባት ተመደበ። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ጦና ስም እየጠሩ ሲያድሉ ዱባለ ጋ ደረሱ። ዱባለ ተነሣ እንጂ ድርሻውን አላነሣም።

“ወር ሙሉ የማላውቀውን አገር ስረግም ከረምኩ” አለ። ጣቱን ጌታሁን ላይ ቀሰረ። “እዚያ ያለው ሰው እኔን በምን ያውቀኛል? ይሄ ግን ያውቀኛል! ሚስቴ ታማ ሳለ በጨነቀኝ ሰዓት የሸመንኩትን፣ ይቅርታ የጠየቅኩበትን ልብስ ነው ወስዶ ያስባዛው። ስህተቴን እንኳ አልተወልኝም። እስቲ ደረታችሁን እዩ! በስተቀኝ ያለውን ቢጫ እዩ!”

ወንዶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ደረታቸውን አዩ። ጋሽ ጦና የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

“ተው እንጂ ዱባለ፣ በበዓል ቀን…” አለ ጌታሁን።

“ከዚያ አገር ዕቃ አልገዛም ብዬ ምዬ ነበር። አቅቶኛል፤ እጄ ላይ ያለው ክር ከዚያ ነው። ካንተ ጋር አንድ በሬ አለመብላት ግን አያቅተኝም!”

ቤቱ ገብቶ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ከእንሰት የሚሠራውን ሙቹዋ ያለ ሥጋ፣ በቅቤ ብቻ በላ። ድርሻው እስከ ማታ እንሰት ቅጠሉ ላይ ዝንብ ወሮት ዋለ፤ ላንሣው ያለ ሰው አልነበረም።