መጽሐፉ ያላየው ፎገራ

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ፣ ባሕር ዳር

ሎንቺናው ሳይሞላ ደረስን። የጥቅምት ብርድ ከሐይቁ እየተነሣ ጣት ያደነዝዛል። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጆንያ፣ የቆርቆሮ ጥቅል፣ እግሯ የታሰረ ፍየል ሳይቀር እየተቀበለ ይደረድራል። አባባን በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን ብርሃንና ጥላ ካልሆነ በቀር የሚለዩት የለም።

ጎንደር አንድ የዓይን ሐኪም አርብ ጠዋት ሊሠራቸው ቀጥሮናል። አባባ ከአዲስ አበባ የተነሡት ግን ለሐኪሙ ብለው አይደለም።

"እኔ የምሄደው ወረታ ድረስ ነው፤ ወንድሜን ልጠይቅ" አሉኝ ዛሬም። "የማየውን አይቻለሁ። የቀረውን አንቺ ታነቢልኛለሽ።"

እናቴ ካረፈች ጀምሮ አነብላቸዋለሁ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ እኔም ሙያቸውን ይዤ ቀርቻለሁ። ልብ ወለድ ስጀምርላቸው ጥቂት ታግሠው፣ "ታሪኩን እለፊውና አገሩን አንብቢልኝ" ይላሉ። አገሩን ማለታቸው ወንዙን፣ ዳገቱን፣ የመንደሩን ሽታ ነው። ማን ማንን እንዳገባ ግድ የላቸውም።

በቦርሳዬ ሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ አንድ ልብ ወለድ አለ። መካከሉ ላይ ስለ ፎገራ ሜዳ የሚያወራ ገጽ አለው። አባባ የተወለዱት እዚያ ነው፤ ያንን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩላቸው እንጃ።

ሐሙሲት

ፀሐይዋ ወጥታለች። ለሻይ ወረድን። ቆሎ ሻጮቹ ሴቶች መስኮት ለመስኮት ይሮጣሉ፤ ወደ አንበሳሜ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች ጭነታቸውን ከጣሪያው እያስወረዱ ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃሉ። አባባ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዳምጣሉ።

"የደራ አገር ሰዎች ናቸው" አሉ ፈገግ ብለው። "ሲጨቃጨቁ እንኳ ያዜማሉ።"

ከዚህ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው። የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ሾፌሩ፣ "በነሐሴ ቢሆን ይኸ ሁሉ ባሕር ነበር፤ አሁን ውኃው ሸሽቷል" አለ። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በግራችን ሜዳው ተከፈተ፤ ዳር የለውም።

ኬላው፣ ረፋድ

ወረታ መግቢያ ላይ አስወረዱን። ከቀበሌ የተሰጠንን የይለፍ ወረቀት አሳየን። ጠመንጃ ያነገተ የገበሬ ማኅበር ሚሊሻ ቦርሳዬን በረበረና መጽሐፉን አወጣ። ሽፋን የለው፣ የጸሐፊው ስም የለው። ገለባበጠው።

"ምንድን ነው ይኸ? ስሙ ለምን ተቀደደ?"

በእነዚያ የአብዮት ዓመታት ስሙ የተቀደደ መጽሐፍ ሊያሳስር ይችል ነበር። ከጎኔ አባባ ረጋ ብለው፣

"ስለዚህ ስለ ሜዳችሁ የተጻፈ ነው፤ ታንብብልህ" አሉት።

ገጹን ገለጥኩ። ክረምቱ አልፎ ጣና ወደ ኋላ ሲመለስ ያለውን ይናገራል፤ ጥቁሩ ጭቃ ላይ የከብቶች ኮቴ ጥሎት የሄደው ጉድጓድ ሁሉ ውኃ ቋጥሮ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ሰማይ ይዞ እንደሚታይ፤ ሽመላዎቹ በዚያ መካከል እግራቸውን እየመረጡ እንደሚያነሡ። ስጨርስ ሚሊሻው ወደ ሜዳው ዞሮ ነበር።

"የአባቴ ከብቶች እዚያ ነው የሚውሉት" አለ። "ኮቴው ልክ ነው። እንዲያ ብዬ አይቼው ግን አላውቅም።"

መጽሐፉን መለሰልኝና አባባን በክንዳቸው ደግፎ ወደ መኪናው አወጣቸው።

ወረታ፣ ቀትር

የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙበት ላይ ታላቅ ወንድማቸው መሪጌታ ሞላ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። በሜዳው ካሉት አድባራት በአንዱ ድጓ ያስተምራሉ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው አልላቀቅ አሉ።

"ይስማው፣ ወንድሜ፣ ከሳህ" አሉ መሪጌታ።

"እርስዎስ? ድምፅዎ አላረጀም፤ ሌላውን አላይ።"

ቤታቸው ወስደው የጾም ሽሮ አቀረቡልን። አባባ የመጀመሪያውን ጉርሻ አላምጠው ቆም አሉ።

"ይኸ ጤፍ ብቻ አይደለም።"

"ሩዝ ተቀላቅሎበት ነው" አሉ መሪጌታ። "የአምራች ማኅበሩ ገበሬዎች ናቸው ያመጡት። ውኃ ለሚተኛበት መሬት ይሆናል ብለው ዘሩት፤ እውነትም ሆነ። መጀመሪያ እንዴት እንደሚበላ ያወቀ አልነበረም።"

"በፎገራ ሩዝ?" አሉ አባባ።

ሜዳው፣ ከሰዓት በኋላ

ሦስታችን በእግር ወጣን። አባባ በእኔና በመሪጌታ መካከል ናቸው። ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ከጫማ ሥር ይለጠፋል። ሻኛቸው የተቆለለ ቡራቡሬ ላሞች ቀና ብለው አዩንና ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ። ሻል ያለ ደረቅ ቦታ ላይ አባባን አስቀምጬ መጽሐፉን አወጣሁ። እያነበብኩላቸው ሳለ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። ሩዙ የት ነው ያለው?"

"እዚህ የለም፣ አባባ። መጽሐፉ የተጻፈው ከሩዙ በፊት ነው።"

"እንግዲያስ እጠፊውና የምታይውን ንገሪኝ።"

ሩዙ ከፊታችን ነበር፤ ከእግራችን እስከ ሐይቁ አቅጣጫ የተኛ። አፌን ከፈትኩ። "አረንጓዴ ነው" አልኩ። በክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን "አገሩን አሳዩኝ" እያልኩ የማስጨንቅ ሴት፣ እዚህ የራሴ ቃል አጠረኝ።

"አረንጓዴ እንኳ አይደለም" አሉ መሪጌታ። "ብጫ ነው። እየደረሰ ነው እኮ።"

"ከሥሩ ይዩት እንጂ፣ መሪጌታ። አረንጓዴ ነው።"

"ከላይ ነው የሚታይ፣ ልጄ! ነፋሱ ሲያስተኛው እዪ፤ ብጫ!"

አባባ ጎንበስ ብለው በዳበሳ አንድ ዘለላ ያዙ። ጣታቸውን በፍሬው ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉት፤ አሸተቱት፤ በጉንጫቸው ነካኩት። ጤፍም ገብስም አይደለም። ያደጉበት ሜዳ እሳቸው በሌሉበት አዲስ ነገር አብቅሏል። እኛ አሁንም እንከራከራለን። ድንገት ሳቁ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

"ሁለታችሁም ዓይን አላችሁ፣ ግን አልተስማማችሁም" አሉ። "እኔ ካላየሁት ይኸ ነገር አያልቅም። ትርንጎ፣ የጎንደሩ መኪና ነገ በስንት ሰዓት ነው?"

መሪጌታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አማተቡ። እኔ "በጠዋት ነው፣ አባባ" አልኩና እንባዬን እንደማያዩኝ አውቄ ጠረግኩት።

ጎንደር፣ እሑድ ጠዋት

ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታው አልጋው አጠገብ ቆሜያለሁ። ከአንደኛው ዓይን ብቻ ነው፤ ሌላው በኋላ ይሠራል። አባባ አንድ ጊዜ ጨፈኑ፣ ገለጡ፣ እንደገና ጨፈኑ። መስኮቱን አዩ። የሐኪሙን ነጭ ልብስ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ለረጅም ጊዜ አፈጠጡብኝ።

"ምነው፣ አባባ? አይታይዎትም?"

እጃቸውን ዘርግተው ከግንባሬ በላይ ያለውን ፀጉሬን ዳሰሱ።

"ሽበት አውጥተሻል" አሉኝ። "ያምርብሻል። ለምን አልነገርሽኝም?"