አጭሩን የሚመልስ፣ ረጅሙን የሚውጥ ማሽን

አንድ የሥራ ቀን እጀ ረጅሟን የሚያስከፍላት ይኸውላችሁ፦ የደርሶ መልስ ታክሲ፣ የቀኑ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ጎህ ሳይቀድ ከጡቷ አልባ የምታስቀምጠው ሁለት ጡጦ ወተት፣ ሕፃኑን የሚይዙላት የእናቷ ሙሉ ቀን፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሩ ላይ ጥላው የምትሄደው የልጇ ለቅሶ። ባልደረቦቿ እጀ ረጅም ያሏት ሌባ ሆና አይደለም። ከወንበሯ ሳትነሳ የሩቅ ክሊኒኮችን ማሽኖች፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ ስለምትፈታና ስለምትገጥም ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አለቃዋ መጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ተደገፉ።

"የዳሩ ክሊኒክ ማሽን ከትናንት ጀምሮ አልታዘዝ ብሏል። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ የከሰዓቱን አውቶቡስ ትይዣለሽ። ሦስት ቀን ቢፈጅብሽ ነው።"

"ሦስት ቀን? ልጄ ገና ጡት አልጣለም እኮ!"

"ምን ላድርግ? ማሽን የጡት ልጅ አያውቅ።"

"እኔን ግን ያውቀኛል" አለችና ወደ ኪቦርዷ ዞረች።

ማሽኑ የይለፍ ቃሏን ተቀብሎ አስገባት። ቀኑን ጠየቀችው፤ ቶሎ መለሰ። ረጅሙን የስህተት መዝገብ አሳየኝ ስትለው ግን ድርቅ አለ። የስክሪኗን መስኮት ዘግታ እንደገና ገባች፤ ያው በገሌ። በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። የዳሩ ክሊኒክ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው።

"ልጄ፣ አጥፍቼ ላብራው እንዴ? ትናንት አራቴ ሞክሬዋለሁ።"

"በሞቴ ጋሼ፣ እንዳይነኩት! ትናንት እዚያ የተለወጠ ነገር አለ?"

"ኧረ ምንም የለም። የኢንተርኔት ሰዎች መጥተው አዲስ ሳጥን ገጥመው ሄዱ እንጂ።"

"ታዲያ ይህን ነበር እኮ የምፈልገው!" ሳቋ አመለጣት።

ነገሩ ተገለጠላት። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የጠበበው መንገዱ ነው። መረጃ በኔትወርክ የሚጓዘው በትንንሽ ጥቅል ተቋጥሮ ነው። አዲሱ ሳጥን አነስተኛውን ጥቅል ያሳልፋል፤ ትልቁን ግን ቃል ሳይተነፍስ ይጥለዋል። መፍትሔው ማሽኑ ጥቅሉን አሳንሶ እንዲቋጥር ማዘዝ ነው። ትእዛዙ ከተሳሳተ ግን በሩ በራሷ ላይ ይቆለፋል፤ ያኔ አውቶቡሱ አይቀርላትም።

እሷ ደግሞ መውጫዋን ሳታበጅ የማትገባ ሴት ናት። አስቀድማ፣ "በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልከለከልኩህ ሁሉንም እንደነበረው መልስ" የሚል ትእዛዝ ለማሽኑ ሰጠችው። ከዚያ ጥቅሉን አሳነሰች። የቀድሞውን መስኮት ሳትዘጋ ሁለተኛ ከፍታ ረጅሙን መዝገብ ጠየቀች።

ጽሑፉ እንደ ጎርፍ ወረደ።

"ጋሼ፣ እስቲ አንድ የታካሚ ካርድ ይክፈቱ።"

"ተከፈተ! እሰይ የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ!"

የአምስት ደቂቃውን ትእዛዝ ሰረዘችና ለውጡ ማሽኑ ጠፍቶ ቢበራም እንዳይጠፋ አድርጋ አስቀመጠችው። አለቃዋ ገና አምስት ሰዓት ሳይሞላ ብቅ አሉ።

"እህስ፣ ትኬቱን ልቁረጥልሽ?"

"ለራስዎ ይቁረጡ። አየር መለወጥ ያምርብዎታል።"

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን ወዲያው ለእናቷ ደወለች፤ "እማዬ፣ ማታ እኔው ነኝ የማጠባው" አለቻቸው።

ለቅርንጫፍ ሠራተኞች ሁሉ የምትለምነውን እናንተንም ትለምናለች። ማሽን ሲደርቅባችሁ ማጥፊያውን ከመጫናችሁ በፊት፣ በዋዜማው ምን እንደተለወጠ አስታውሳችሁ ንገሯት። የተነቀለ ገመድም ይሁን ቦታው የተዛወረ ጠረጴዛ፣ ተራ ነገር ነው ብላችሁ አትዝለሉባት።