ሁለት ጥንድ ስፒከርና የአባቴ ካሴት

እናቴ «አባትህን ደከመው» ያለችኝ እሱ ከሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው። የምታወራው ስለ ካሴቱ ነበር። እሷ እኔን አዝላ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ስትመጣ፣ አባቴ አሮጊት እናቱን ጥሎ መሄድ አቅቶት ጎንደር ቀረ። ሰባት ዓመት ተለያይተው ኖሩ። በአራተኛው ዓመት ገደማ፣ ከሰው ወደ ሰው ሲቀባበሉት ብዙ አገር የዞረ አንድ ካሴት እናቴ እጅ ገባ። ያኔ መጻፍ የማይችል ሰው ደብዳቤ የሚልከው እንዲያ ነበር፤ ቴፕ ያለው ሰው ቤት ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ይናገራል። አባቴም ኋላ መጣ። ወልደው ከብደው አብረው ኖሩ፤ አርጅቶም እዚሁ ኔታንያ ተቀበረ። ከሞተ ወዲህ እናቴ በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ያንን ካሴት በትንሽ ቴፕ ታዳምጥ ነበር። አንድ ጊዜ ተወችው። ለምን ተውሽው ብላት፣ «ደከመው። ባፉ ውስጥ ነው የሚናገር፤ ቃሉ አይለይም» አለችኝ።

የደከመውስ የእሷ ጆሮ ነበር። እኛ ልጆቿ ካወቅነው ቆይተናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አጠገቧ ተቀምጠን ስለ ጆሮዋ ስንመካከር እሷ ፈገግ ብላ ታየናለች። እኛ ስቀን ከጨረስን በኋላ ትስቃለች። ቀስ በቀስም ከወሬው ወጣች፤ በበዓል ቀን እንኳ ከገበታው ጥግ ተቀምጣ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ እያየች ትውላለች። ለምርመራ ስንወስዳት «ጆሮዬ ደኅና ነው፤ የዛሬ ሰው ነው በሹክሹክታ የሚያወራ። መክሺር አልሻም» ብላ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን መሣሪያ ሳታየው ተነሥታ ወጣች። እናቴ በቁሟ ከመሀላችን ስትርቅ ማየት አስፈራኝ። ሌላው ቢቀር አባቴን መልሳ ትስማው አልሁ። ትንሿ ቴፕ ካቃታት ትልቅ ስፒከር ያሰማታል ብዬ ተነሣሁ።

እውነቱን ለመናገር ምክንያት ሲፈልግ የኖረ ሰው ነኝ። ወለል ላይ የሚቆም፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚመጣ ስፒከር ሳሎኔ ውስጥ ማቆም የዘመናት ምኞቴ ነው። ሚስቴ «ለእናትህ ነው ወይስ ለአንተ?» ብላ ጠይቃኝ መልሱን ሳትጠብቅ ሄዳለች። ሥራዬ የአሳንሰር ጥገና ነው። ኪርያት ሀሻሮን ውስጥ ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች የብዙዎቹን አሳንሰር በድምፁ አውቀዋለሁ። ገብቼ በሩ ሲዘጋ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ኩሽኔታው ሊበላሽ ሲል ከወር በፊት ይነግረኛል። በዚህ ጆሮዬ እኮራለሁ፤ ሚስቴ እንደምትለው ከልክ በላይ እኮራለሁ።

ኤቨን የሁዳ ውስጥ ስፒከር በእጃቸው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ የነገረኝ አሳንሰሩን ስጠግን አጠገቤ ቆሞ የሚያወራ ተከራይ ነው። ሄድሁ። የሚሠሩበት ቤት ድሮ የዶሮ ቤት ነበር፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ውስጡ የጣውላና የሙጫ ሽታ የሞላው። ሽማግሌው ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። እንዲህ ያለ ንጹሕ የሥራ ቦታ አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ መሮ ግድግዳው ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ ሲያነሡትም ሲመልሱትም አያዩትም፣ እጃቸው ያውቀዋል። ስለ ካሴቱ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው ሰሙኝ። ከዚያ ሁለት ጥንድ አሳዩኝ። አንደኛው ጥንድ ከፋብሪካ የወጣ፣ ጥቁር፣ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ፣ ሸንቃጣ ነው። ሁለተኛው እሳቸው ራሳቸው የሠሩት፣ ሰፊ፣ ቀለም ያልተቀባ እንጨት፣ ግድግዳው ድርብ የሆነ፤ በሁለቱ ግድግዳ መሀል ታጥቦ የደረቀ አሸዋ ሞልተውበታል። አንዱን ለማንሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል።

«ሁለቱንም ውሰድ» አሉኝ በዕብራይስጥ። «ለአንድ ሳምንት በቤትህ አዳምጥ። ስፒከር ሱቅ ውስጥ አይመረጥም። የምትሰማው እሱን ብቻ አይደለም፣ ቤትህንም ጭምር ነው።»

እንዴት እንደማወዳድርም አስተማሩኝ። ያው ዘፈን፣ ያው ወንበር፣ የድምፁ ከፍታ እኩል። የጮኸው ሁሌ የተሻለ ስለሚመስል በዚያ አትታለል አሉኝ። ገንዘብ አልጠየቁኝም፣ መታወቂያም አልያዙብኝም። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬም መኖሩን ሳስብ ደስ እያለኝ ተመለስሁ።

ማወዳደሩ ግን አላማረብኝም። ጥቁሩን ስከፍተው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፤ ከበሮው ደረቴን መታኝ። ወታደር ልጄ ሐሙስ ዕለት ለእረፍት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ «ኤይዜ ባስ! እንዴት ያለ ጉልበት ነው! አባ፣ እነዚህን ውሰድ፣ ዜሁ፣ በቃ» አለችኝ። ሰፊውን ስከፍተው የሚሠራም አልመሰለኝ። ከበሮው ከበሮ ነው፤ ክራሩ ክራር ነው፤ በቃ። ሁለት ሰዓት ያህል ካዳመጥሁ በኋላ ነው የገባኝ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁት። የክራሩ ጅማት ተመትቶ እስኪሞት ድረስ የት እንደሚሄድ ሰማሁ። የማውቀው ዘፈን ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ከኋላ ሲያጨበጭብ ኖሮ እኔ አልሰማሁትም። ያም ሆኖ ልቤ ወደ ጥቁሩ አደላ። ለደከመ ጆሮ ጉልበት ነው የሚበጀው ብዬ አሰብሁ።

ካሴቱን ይዘሽ ነይ ብያት፣ ዓርብ ጠዋት እናቴ ከምትኖርበት ከራማት የዲዲም በአውቶቡስ መጣች። ሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

«ምነው፣ አራት ቁም ሣጥን ሰበሰብህሳ?»

«ስፒከር ነው፣ እማዬ» አልሁ ጮክ ብዬ። «ሁለቱን ላስቀር ነው፤ ሁለቱን እመልሳለሁ።»

«ራምኮል? ይህን የሚያህል?» አለችና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ ቀረበች። ከዚያ አንድ እጇን የጥቁሩ ስፒከር ጎን ላይ አሳረፈች፣ በሌላኛው እጇ የጣት አንጓ መታ መታ አደረገችው። ከላይ ጀምራ እስከ ታች። እናቴ አገሯ ሳለች ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራ ገዝቶ የሚሄድ ሰው በጣቱ ሳይመታ አይገዛም፤ እሷ ደግሞ ገዢው ሳይጠይቃት ራሷ ፊቱ ላይ ትመታለታለች። ደኅና የተተኮሰ ሸክላ ይጮኻል። የነቃ ሸክላ፣ ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም፣ ድምፁ ይሞታል። የነቃ ሸጠች ከተባለች ገበያ ላይ ስሟ ጠፋ ማለት ነው። የእናቴ ስም ጠፍቶ አያውቅም።

ጥቁሩ ጮኸ። «ይህ ደግ ነው» አለች። ወደ ሰፊው ዞረች። መታችው። ድም ብሎ ቀረ። ዝቅ ብላ መታችው። ድም። ጎንበስ ብላ እግሩ ሥር መታችው፣ ጆሮዋንም ለጠፈችበት፤ ጓደኛውንም እንዲሁ አደረገችው። ቀና ስትል አዘነችልኝ።

«ነቅቷል፣ ልጄ። ሁለቱም ነቅተዋል። አታለሉህ።»

አመንኋት። ሃያ ዓመት በድምፅ እንጀራ የበላ ሰው፣ እኔም ተነሥቼ መታሁት፣ እውነትም ሞተብኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ እዚያው ቆሜ ሽማግሌው ዘንድ ደወልሁ። የሠሩት ዕቃ ስንጥቅ እንዳለው፣ እናቴ በጣቷ መትታ እንዳገኘችው ነገርኋቸው።  እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ከላይ ጀምራ ወደ ታች ነው የመታችው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኔም ስሠራ እንደዚያው ነው የምመታው። እሷ ዕቃው እንዲዘምር ትፈልጋለች፤ እኔ ዝም እንዲል እፈልጋለሁ። ሣጥኑ የራሱን ድምፅ ካወጣ የሰውዬውን ድምፅ ይሸፍንብሃል። አሸዋውን የሞላሁት ለዚህ ነው። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ነገሩ የሚገባው ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።»

አፍሬ ስልኩን ዘጋሁ። ለእናቴ ጮክ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ፣ አስረዳኋት። እሷ አላፈረችም። ሰፊውን ስፒከር እንደገና በመዳፏ ዳሰሰችው። ማዕዘኑ ላይ ጣቷን ወደ ታች አንሸራትታ መጋጠሚያውን ፈለገች፣ አጣችው፣ በጥፍሯ ፈለገች፣ አጣችው።

«የሠራው ማን ነው?» አለች። «እጁ ይባረክ። ዝም ማሰኘትማ ከማስጮህ ይከብዳል።»

በዚያች ደቂቃ ለእናቴ ያደረብኝን አድናቆት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ዕድሜ ልኳን የያዘችውን ዕውቀት ከእጇ ሳትጥል፣ ተቃራኒውን ሰምታ፣ ወዲያው ገባት። እኔ ያልገባኝ ሳምንት ሙሉ አዳምጬ ነው።

ካሴቱን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ሰጠችኝ። በትልቁ ቴፔ አስገብቼ መጀመሪያ በጥቁሩ ከፈትሁት። የአባቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ግዙፍ ነበር። እናቴ አንገቷን አስግጋ ሰማችና ራሷን ነቀነቀች። «ጮኸ እንጂ አልጠራም» አለች። ሽቦውን ቀየርሁ። ወንበሯን ወደ ሰፊው ስፒከር አስጠጋሁ። አስጀመርሁት።

«እንደምን አለሽ» አለ አባቴ።

አጠገባችን ተቀምጦ የሚያወራ ነው የመሰለው። «እኛ ደኅና ነን።» ዝም አለ። «እናቴ ደኅና ናት።» ዝም አለ። «ከብቱ ደኅና ነው። ልጁን አደራ።» እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን አንድ በአንድ ተከትላ ትደግመዋለች። ሰማችው! ከደስታዬ የተነሣ ጮኼ ልነግራት ስል እጇን አነሣች።

«ቆይ። መልሰው።»

መለስሁት። በየቃሉ መሀል አባቴ ዝም የሚልበት ክፍተት አለ፤ እዚያ ላይ የሚሰማው የታፈነ ጉርምርምታ ነው። እኛ ሁሌም የካሴቱ ጉድለት ነው ስንል ኖረናል። እናቴ እዚያ ሲደርስ ወደ ፊት አጎነበሰች።

«እጁ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«መዳፉ። የሚናገርበትን በመዳፉ ከድኖታል። ከሥሩ ስማ እስቲ።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰማሁ። ከመዳፉ ሥር፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ትንፋሽ ይቆረጣል። እንደገና ይቆረጣል። አባቴ እያለቀሰ ነበር። ትንሿ ቴፕ እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አትችልም፤ ጥቁሩም በራሱ ጩኸት ይሸፍነዋል። አባቴ ቴፕ እንደሚቆም፣ የሚያቆም ቁልፍ እንዳለው አያውቅም ነበር። በእጁ ከከደነው የማይሰማ መስሎት፣ «ደኅና ነን» ባለ ቁጥር ከድኖ አለቀሰ፤ እንባውን ጨርሶ ከፈተና «ከብቱ ደኅና ነው» አለ። እናቱን ሲቀብር እንኳ አላለቀሰም የሚባል ሰው ነው። እኔ ወንበሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«እማዬ፣ ሰማሽው እኮ» አልኋት ኋላ። 

«ሰማሁት» አለች። ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። «ካሴት ሁለት ገጽ አለው። ያኔ ሰው ባንዱ ገጽ ተናግሮ ይልካል፤ የደረሰው በጀርባው መልሱን ተናግሮ ይመልሳል። አምጪው ሰውዬ መልሴን ይዞ ሊሄድ ሁለት ሳምንት ጠበቀኝ።»

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ምንም። ተቀየምሁት። አራት ዓመት ሙሉ በምድረ በዳ ልሙት ልዳን ሳያውቅ ቆይቶ፣ ከብቱ ደኅና ነው ይለኛል? ናፈቅሽኝ አይልም? አልሁ። ካሴቱን አስቀርቼ ሰውዬውን ባዶ እጁን ሰደድሁት።»

«አባዬ ሲመጣ አልጠየቀሽም?»

«ጠየቀኝ እንጂ። በመጣ በሳምንቱ። መልስ ስጠብቅ ከረምሁ፣ ምን ሆነሽ ነው? አለኝ። ለቴፑ ባትሪ አጣሁ አልሁት። አመነኝ። እንዴት ብትቸገሪ ነው ብሎ አዘነልኝ። እዚህ አገር ሥራ ይዞ መጀመሪያ ሲከፈለው፣ እቤት ይዞልኝ የመጣው ባትሪ ነበር።»

ካሴቱ እየዞረ ነበር። አባቴ እንደገና ዝም ያለበት ቦታ ላይ ደርሶ ነበር።

«ባትሪ አጥተሽ አልነበረም?» አልኋት።

«ነበረኝ፣ ልጄ» አለች።