ወንበር ላይ የቀረው ኮት

ከመስክ ሥራ ተመልሰን ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ ሾፌሩ ፍላሹን ሰካ። ጊታሩ ይንጫጫል፣ ከበሮው ይጣደፋል፣ ዘፋኙ ይጮኻል፤ ፖፕ ፓንክ የሚሉት ዓይነት ሙዚቃ ነው። ዘፈኖቹ ግን አንድ ታሪክ ይከተሉ ነበር። በመጀመሪያው አንድ ሠራተኛ ጠዋት ኮቱን ቢሮ ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ለግል ጉዳዩ ይወጣል፤ አለቃ ሲጠይቅ ባልደረቦቹ «ኮቱ አለ» ይላሉ። ቀጥሎ ኮቱ ስብሰባ ይቀመጣል፣ በግምገማ ይመሰገናል፣ የደረጃ ዕድገት ያገኛል። ከፊት የተቀመጡት ኃላፊያችን ከልባቸው ሳቁ፤ በመሥሪያ ቤታችን ኮት ሰቅሎ መጥፋትን የማያውቅ አልነበረምና።

አምበርን ስናልፍ የመጨረሻው ዘፈን መጣ። ሰውዬው ቤቱ ሞቷል፤ ኮቱ ሥራ ላይ ነው።

ሳቃችን ተቋረጠ። ክረምቱ ሳይገባ የመዝገብ ቤት ባልደረባችን ብቻውን በተከራየው ክፍል ሞቶ እስኪገኝ ድረስ፣ እኛ ለቀናት «አለ፣ ኮቱ አለ» ስንል ሰንብተን ነበር። ቃሉን መጀመሪያ የተናገሩት ኃላፊው እንደ ነበሩ አስታውሳለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን በትዝታዬ የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው።

«ይኼ ድምፅ የእኛ መሪጌታ አይደለም?» አሉ ኃላፊው።

መሪጌታ የምንለው ቢሮ ከጎኔ የሚሠራውን፣ በዚያ ጉዞ ያልነበረውን፣ ቅኔ ቤት አድጎ ዩኒቨርሲቲ የገባውን ዝምተኛ ወዳጄን ነው። ጊታር እንደሚነካካ እንጂ እንዲህ እንደሚጮኽ አላውቅም ነበር።

«አለቃ፣ ድምፅ እኮ ይመሳሰላል» አለ ሾፌሩ።

ግምገማው በዚያው ሳምንት ነበር፤ ወዳጄ እንጀራውን እንደሚያጣ አልተጠራጠርሁም።

በማግስቱ ኮቴን ወንበሬ ላይ ሰቅዬ ወደ መዝገብ ቤት ስሻገር ኃላፊውን ከወዳጄ ጋር በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ወደ ውስጥ ተመለከትሁና ክው አልሁ። የሟቹ ግራጫ ኮት፣ ትከሻው አቧራ ለብሶ፣ አሁንም ወንበሩ ላይ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በዚያ በር ተመላልሻለሁ። አላየሁትም ነበር? ወይስ እያየሁት የሰውዬውን መሞት ረሳሁ? እስከ ዛሬ መለየት አልቻልሁም።

ኃላፊው ገብተው ኮቱን አነሡ፤ አቧራውን በእጃቸው አራግፈው ለወዳጄ ሰጡት።

«የሟቹ ባለቤት አምበር ናት። ሁለታችሁ አድርሱላት።»

«ከዚያስ?» አለ ወዳጄ። ስለ ሥራው መጠየቁ ነበር።

«ከዚያማ ወደ ሥራህ ነዋ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ወዳጄ ኮቱን አጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው። ደረጃውን ከወረድን በኋላ ብርዱ ሲሰማኝ፣ ተመልሼ የራሴን ኮት ከወንበሬ ላይ አነሣሁ።