ለግራ እጅ የተሠራው ማንሻ

ሰኞ፣ ከቡልቡላ

ትራክተሩን አይሱዙ ላይ አስጭኜ ከቡልቡላ ስወጣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ወደ አዳማ የምወስደው ሃይድሮሊኩ እንዲጠናከርና ፒቲኦው እንዲቀየር ነው። ፒቲኦ የሚሉት ከትራክተሩ ኋላ ወጥቶ የስንዴ መውቂያውን የሚያሽከረክረው ዘንግ ነው። ባለፈው ጥር ይህ ዘንግ የጉደታን ጋቢ ጠቀለለ፤ ከጋቢውም ጋር ቀኝ እጁን ከክርኑ በላይ ወሰደው።

ጉደታ ይህን ትራክተር ለአሥራ አራት ዓመት የነዳ ሰው ነው። ባለቤቴ ሲሞት ብረቱን ያወረሰው ለእኔ ነው፤ ዕውቀቱ ግን ጉደታ ዘንድ ቀረ። የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀምጠው "ጋቢ ለብሶ ማሽን አጠገብ የቆመው ራሱ ነው፤ ጥፋቱም የራሱ ነው" ብለው ፈረዱ። እኔ አልተዋጠልኝም። የጥር ማለዳ ነው፤ ጋቢ ያልለበሰ ማን ነበረ? ፍርዱን ባላስቀይር ሥራውን እመልስለታለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ማረሻውን የሚያነሳው ማንሻ ከወንበሩ በስተቀኝ ነው። እሱ ወደ ግራ ከዞረ፣ መሪውንም ሃይድሮሊክ ካገዘው፣ ባለ አንድ እጅ ሰው ያርሳል። ክረምት ሳይገባ መድረስ አለበት።

ሾፌሩ ገና ከተማውን ሳንወጣ ጀመረኝ።

"እናቴ፣ ይህን ለቁራሌው ቢሰጡት አይሻልም? ለብረቱ ሲል ይወስደዋል።"

"የአንተን መኪና ጎማ አይቻለሁ" አልኩት፤ "ቁራሌው ከመጣ ከማን እንደሚጀምር አላውቅም።"

ሳቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ባቱ ድረስ ስለ ናፍጣ ሰልፍ ብቻ አወራን።

መቂ ላይ ለሻይ ወረድን፤ አንዱ ብርጭቆ ሃያ ብር። መንገድ ዳር የቲማቲም ሣጥኖች ተደርድረው ፀሐይ እያፈላቸው ነው። አንዲት ሴት ከሥር ከሥሩ የፈረሰውን እየለቀመች ትጥላለች። የአዲስ አበባው መኪና በሰዓቱ አልመጣም አለችኝ። ቆቃን አልፈን ሞጆ ስንደርስ የቆዳው ሽታ ተቀበለን። በከባድ መኪናዎች መሐል እየተንፏቀቅን ለምሳ ሰዓት አዳማ ገባን።

አዳማ፣ ጋራዡ ውስጥ

አዳማ ነፋስ ነበር። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። መካኒኩ ረሺድ ይባላል፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ በአሮጌ ትራክተር የታወቀ ሰው ነው። የምፈልገውን ነገርኩት፤ በዘንጉ ላይ ሽፋን እንዲገጠምም ጨመርሁ።

"ማዘር፣ ሽፋኑ ይቅርብዎ" አለ። "ሁሉም ይገዛዋል፤ ቅባት ለመቀባት ያስቸግራል ብሎ በሳምንቱ ይጥለዋል።"

"እኔ ሁሉም አይደለሁም።"

"እሱንማ እያየሁ ነው" አለና ለሠራተኞቹ ጠቀሰ።

ማክሰኞ ጠዋት የማርሽ ቤቱን ከፈተው። እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፤ የራሴን ነገር ሲሠሩት ካላየሁ አላምንም። ረሺድ ዘንጉን ከማርሹ የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን የፒቲኦ እጀታ ይዞ አገላበጠው። በብረቱ ላይ ዙሪያውን የተፋቀ ምልክት አለ።

"ይህ በሽቦ ታስሮ ነበር?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ ያሳሰርኩት" አልኩ፤ ሳላፍር። "እየሾለከ ይወጣ ነበራ።"

የእኛን ሰፈር አወቃቅ አስረዳሁት። መውቂያው አንድ ነው፤ በተራ ነው የሚሠራው። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰዓት ነው፤ ሀብታምም ይሁን ደሃ ከዚያ አይጨመርለትም፣ አይቀነስበትም። ሰዓቱን የምይዘው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን እጀታው በሾለከ ቁጥር መውቂያው ይቆማል፤ የባለተራው ሰዓት ይበላል። ሰው ጮኸ። ሰማዩም ያለ ወቅቱ ደመና አዝሎ ነበር። ጉደታን "እሰረው" አልኩት። "እማማ፣ ባይታሰር ይሻላል" አለኝ። "የሰው ተራ አይበላም፣ እሰረው" አልኩት። አሰረው።

ረሺድ አንዱን ማርሽ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ጥርሶቹ እንደ ሽማግሌ ጥርስ አልቀዋል።

"ማዘር፣ የሚሾልከው ለዚህ ነው። ሸክም ሲበዛበት መያዝ ያቅተዋል፣ ይወጣል። ብልሽት ነው። ግን ጋቢው ሲጠመጠም ሸክም በዝቶበታል። ባይታሰር ኖሮ ያኔውኑ ይወጣ ነበር።"

"ቢወጣስ?"

"ዘንጉ ይቆማላ። ክንዱ ይሰበር ይሆናል። ይቆረጣል ግን አልልም።"

ያ የጥር ቀን ፊቴ ተደቀነ፤ ልጄ ታደሰ ዘንጉን ለማስቆም ሞተሩን ሊያጠፋ ሲሮጥ አየሁት። ያን ሩጫ ከጥር ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! አሁን ግን የሚሮጥበት ርቀት እኔ ያስረዘምኩት ነበር። ምሳ አመጡልኝ፤ አልበላሁም። ረሺድ ሠራተኞቹን ዝም እንዲሉ በዓይኑ ሲነግራቸው አየሁ። አዘነልኝ። ያንንም አልወደድኩትም።

ከረቡዕ እስከ ዓርብ

በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ ፓምፕ ገባ፤ ቱቦዎቹ ተቀየሩ። ማንሻው ወደ ግራ ዞረ። መሪው በሁለት ጣት የሚዞር ሆነ፤ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ክብ መያዣም ተበየደበት። ቶርኖ ቤቱ አዲስ ማርሽ አወጣ፤ ሽፋኑም ተገጠመ። ዓርብ ዕለት "አስነሳው" አልኩና የማዳበሪያ ጆንያ ወደሚሽከረከረው ዘንግ ወረወርሁ። ረሺድ ጮኸብኝ። ጆንያው ሽፋኑን ነክቶ መሬት ወደቀ። ሦስት ጊዜ ወረወርሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ወደቀ።

"ጨረሱ?" አለኝ ላቡን እየጠረገ።

"አንተ ጨርሰሃል" አልኩት። "እኔ አልጨረስኩም።"

ቅዳሜ፣ ቡልቡላ

በመልሱ መንገድ ብዙ አላየሁም። ሾፌሩም ፊቴን አይቶ ሬዲዮኑን ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ደረስን። ጉደታ ተጠርቶ መጣ። በግራ እጁ ተደግፎ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ማንሻውን ሳበ፤ ማረሻው ሳይንቀጠቀጥ ተነሣ። አወረደው። ደግሞ አነሣው። ፊቱ ለአፍታ የድሮው ጉደታ ሆነ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"እጅዎ ይባረክ፣ እማማ። ግን አልነዳውም።"

"ማረሻውን አንሥተኸው የለ እንዴ! ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም። ሚስቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ 'የዚያ የዝርክርኩ ሚስት' ይሏታል። ሽማግሌ የፈረደው ነው። ማንሻው ወደ ግራ ቢዞር ይሄ አይዞርም።"

"ስለ ሽቦው አሁን ገባኝ" አልኩት። "አንተ ግን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ለምን ለሽማግሌዎቹ አልተናገርክም?"

"እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ነበር። እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።"

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ሽማግሌዎቹ ወደሚቀመጡበት ግራር ሄድኩ። ጉደታንም አስጠራሁ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ኦቦ ገመቹ ናቸው።

"ዘነበች፣ ያ ነገር እኮ አልቋል" አሉኝ።

"አላለቀም። እጀታውን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ጉደታ 'ባይታሰር ይሻላል' ብሎኝ ነበር። ባይታሰር ኖሮ እጁ አይቆረጥም ነበር፤ መካኒኩ ከፍቶ አሳይቶኛል።"

አንዱ ሽማግሌ "ታዲያ ለምን አሳሰርሽው?" አለ።

"ተራ እየተበላ ነው ተብሎ ስለተጮኸ።"

"የማን ተራ ነበር?"

ሁሉም ያውቁ ነበር። ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መሬት አስተኙት።

"የእኔ ነበር" አሉ። "የጮኽሁትም እኔ ነኝ።"

የዚያን ቀን ፍርዱ ተሻረ። ጥፋቱ የእኔና የባለተራው ነው ተባለ። ጉደታ እስኪቋቋም ድረስ ማሳውን አርሰን፣ ዘርተን፣ ወቅተን እንድናስገባለት ተወሰነብን። በገበያ ቀንም ይህንኑ ሰው በተሰበሰበበት እንድንናገር ታዘዝን። ጉደታ ቆሞ ሰማ። አላመሰገነንም፤ ለምንስ ያመሰግነናል?

አዳማ ድረስ የሄድኩት ጉደታ ያጣውን በብረት ልመልስለት ነበር። ምን እንዳጣ ግን ሳልጠይቀው ነው የተነሣሁት። በእኩል ሰዓት አከፋፍላለሁ እያልኩ ስኮራ፣ የሁላችንን ችኮላ አንድ ሰው ክንድ ላይ እንዳሰርኩ ለማወቅ የማያውቀኝ መካኒክ አስፈለገኝ።

ማክሰኞ ገበያ ነው። እዚያ ቆሜ እናገራለሁ። ወደ ትራክተሩ ይመለስ እንደሆነ ጉደታን አልጠየቅሁትም፤ አልጠይቀውምም።