ስልኩን ማን ነው የሚያነሳው?

አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት የሥራ ግሩፓችን ላይ «ሲስተር ዘነበች አረፉ» የሚለውን ሳነብ የጻፈውን ልጅ ልቆጣው ነበር። ትናንት ማታ እኮ ባጃጅ ውስጥ ሆነው እጃቸውን አውለብልበውልኛል!

ላረጋግጥ ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች። ከልቅሶዋ አወቅኩ።

ለማታውቋቸው፦ ሲስተር ዘነበች እዚህ ቦንጋ፣ ጤና ጣቢያችን ውስጥ የቲቢ ክፍል ነርስ ነበሩ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ለታካሚ ቀጠሮውን በስልክ መልእክት የሚያስታውሰውን ሲስተም ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኩራቴም ለጉድ ነበር።

ከዚያ ማንኪራ ገጠር የምትኖር አንዲት እናት መድኃኒቷን አቋረጠች።

ለካ የሰጠችን ቁጥር የባለሱቁ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ የሚደወልለት በእሱ ስልክ ነው። «የቲቢ መድኃኒት ቀጠሮዎ ነገ ነው» የሚለውን መልእክቴን ሰውየው ሱቁ በር ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ክፋት የለበትም፤ ንገሩልኝ ማለቱ ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት መውጣት አፈረች።

«ቁጥሩን የሰጠችን ራሷ ናት» ብዬ ተከራከርኩ።

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። «ስልኩን ማን ነው የሚያነሳው ብለህ ጠይቀሃታል?»

አልጠየቅኳትም።

«እንግዲያው ቅዳሜ እንሄዳለን።»

በማንኪራ መንገድ ጭቃ ሁለቴ ወደቅኩ። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው አንዴም አልወደቁም፣ ይልቅ ይስቁብኛል። ሴትየዋ ስታየን ፊቷን አዞረች። ሲስተር አጠገቧ ቁጭ ብለው በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ብዙ አወሩ፤ የመድኃኒቱን ፌስታል ከቦርሳቸው ያወጡት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል ይቅርታ ጠይቃት። ኮምፒውተሩ አይጠይቅልህም።»

ጠየቅኳት። ተመለሰች፣ መድኃኒቷን ጨረሰች፣ ዳነች።

ከዚያ በኋላ የበሽታውን ስም ከመልእክቱ አወጣሁ፣ ምዝገባው ላይም የሲስተርን ጥያቄ ጨመርኩ። ካልተሞላች አታሳልፍም። «ምዝገባ ታዘገያለች፣ ሲስተሙም እንዲህ ያለ ጥያቄ አያውቅም» የሚሉ ሞልተዋል። ባለፈው ስብሰባ ላይ ሲስተር የመለሱላቸውን የሰማ ሁሉ ያስታውሳል፦ «የማያውቅ ይማራ! እኔስ ጡረታዬ ደርሶ ማውስ መያዝ ተምሬ የለ?»

አሁን እሳቸው የሉም ብላችሁ ጥያቄዋን ለማስወጣት ያሰባችሁ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ካላችሁ፣ እዚሁ ሰው ፊት ልንገራችሁ። አልሰርዛትም። ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ከፈለጋችሁ ሺሺንዳ አዛውሩኝ፣ እዚያም እጠይቃለሁ።

ሲስተርዬ፣ ዛሬ እያለቀስኩም ቢሆን አንዲት በዕድሜ የገፉ አዲስ ታካሚ መዘገብኩ። ቁጥር ሰጡኝ። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ጠየቅኳቸው። ወደ እኔ ጠጋ ብለው «የአማቼ ነው፣ እባክህ እንዳይሰማ» አሉኝ። ቁጥሩን አጠፋሁት። «ቤትዎ ድረስ እንመጣለን» አልኳቸው።

ደህና ይሂዱ፣ ሲስተርዬ። እኚህም የማንኪራ ናቸው። መንገዱን አሳይተውኛል፣ እሄዳለሁ።